ምርቃት ፍለጋ ደባት የወጣ መርከበኛ

ከጎንደር ከተመለስኩ ወዲህ የሠፈሬ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ግንቡ ነው። ግንቡን ያየሁት በሚኒባስ መስኮት ነው፤ ያምራል። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የሄድኩት ለጉብኝት ሳይሆን ለሽምግልና ነበር፤ ያውም ሚስት ለመጠየቅ ሳይሆን፣ አንዲት ልጅ ወደ ባሕር እንድትሄድ አያቷን ለማስፈቀድ። እዚህ ድሬዳዋ ጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ለምታነቡኝ፣ የዚያን አገር ብርድም መቼም ለማትቀምሱት፣ የሆነውን ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በንግድ መርከብ ላይ መሪ ጨባጭ ሆኜ ነው። መሪ ጨባጭ ማለት ካፒቴኑ ባዘዘው አቅጣጫ መሪውን የሚያዞር ሰው ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባሕር ዳር ለወጣት መርከበኞች ገመድ ማሰርና መሪ መያዝ አስተማርኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ ዝናሽ የምትባል የደባት ልጅ ነበረች፤ ቀልጣፋ፣ ትንሽ ቸኩል ቸኩል የምትል። ሥልጠናዋን ጨርሳ አንድ የውጭ መርከብ ላይ ሥራ አገኘች። እንቅፋት የሆኑት አያቷ ናቸው። እናቷ ከሞተችበት ጊዜ ጀምሮ ያሳደጓት መሪጌታ ጥበቡ፣ አፈር ወደሌለበት አገር ልጄን አልሰድም ብለው ቁጭ አሉ። እሷ ደግሞ ያለ እሳቸው ምርቃት እግሬን አላነሳም አለች። መርከቡ የሚጠብቃት እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ብቻ ነው። በስንት ልመና ሽማግሌው አንዲት ቀዳዳ ከፈቱ፤ ባሕሩን ያስተማረሽን ሰው አምጪና ዓይኑን ልየው አሏት። ዝናሽ ደውላ እርስዎ ካልመጡ ቀርቷል አለችኝ። ሚስቴ ስልኩን ሳልዘጋ ሻንጣዬን አወረደች።

የመጀመሪያው ቀን

ጠዋት ከድሬዳዋ ተነስቼ፣ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሬ፣ ከሰዓት በኋላ አዘዞ፣ የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ፣ አረፍኩ። የለበስኩት እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ነው፤ እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ። ሚስቴ ሹራብ ከትታልኝ ነበር። በነጭ በረዶ መካከል መርከብ የነዳሁ ሰው ነኝ፣ የአገሬ ብርድ ምን ያደርገኛል ብዬ መልሼ ያወጣሁት እኔው ነኝ። መርከቡ ላይ ማሞቂያ እንደነበረ የረሳሁትን አዘዞ አስታወሰኝ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል የሚጥለው ዝናብ ነበር፤ ከአውሮፕላኑ ደረጃ ሳልወርድ ጥርሴ መንገጫገጭ ጀመረ። ዝናሽ ጥላ ይዛ ቆማ ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች፤ እየሳቀች እንደነበር ትከሻዋ ይናገራል።

ፒያሳ የያዘችልኝ ሆቴል መኝታው ንጹሕ ነበር፤ ግን የመስኮቱ አንድ መስታወት የለም። ድሬ ቢሆን እንዲህ ላለው ክፍል ተጨማሪ እንከፍል ነበር፤ ነፋስ የሚገባበት ቤት እኛ ዘንድ ክብር ነው። እዚህ ግን ዝናቡ አልጋው ድረስ ይመጣል። ዝናሽ ጥቂት አሰበችና ሃይስኩል ስትማር ተከራይታ ወደኖረችበት ቤት ወሰደችኝ። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ፤ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ባላቸው ሞተዋል። ከሰላምታ በፊት ዓይናቸው ነጠላ ጫማዬ ላይ አረፈ። ምንም ሳይሉ ወደ ጓዳ ገቡና ወፍራም ጥቁር ካፖርት ይዘው ወጡ።

ካፖርቱ የባላቸው ነበር። ተንጠልጥሎ ብል ከሚበላው ቢለብሱት ሟቹም ደስ ይላቸው ነበር አሉኝ። ባላቸው ቁመታቸው የተረፈ ሰው ኖረዋል፤ ጫፉ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። ሞቀኝ ግን። ከሞቀኝ በኋላ ነው ጎንደርን መውደድ የጀመርኩት።

እራት ቀይ ወጥ ነበር፤ በርበሬው ከድሬ የሚለይ፣ ወደ ኋላ ቆይቶ የሚያቃጥል። ሳህኔን አንስቼ ጋሊው የት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ዝናሽ ኩሽናውን ማለታቸው ነው ብላ ተረጎመችልኝ፤ ከዚያ ለወይዘሮ ዘይነባ የመርከብን ቤት ዘረዘረችላቸው። ወለሉ ዴክ ነው፣ ኩሽናው ጋሊ፣ መሪው ያለበት ክፍል ብሪጅ። እሳቸው በጥሞና ሰምተው ወጡንስ ምን ትሉታላችሁ ብለው ጠየቁ። ወጥ እንለዋለን አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ፤ የቀረውን ስም ሁሉ ብትለውጡት ግድ የለም ብለው ሁለተኛ ጭልፋ ጨመሩልኝ። ድሬ በዚያ ሰዓት ሰው ገና ወደ ውጭ የሚወጣበት ነው። እነሱ ቤት ግን በሩ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ብርድ ልብስ ደርቦ አንድ ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል። መጠጋጋቱንም ወደድኩት።

ሁለተኛው ቀን

ዝናቡ ስላባራ፣ አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ዝናሽ ቀሐ ወስዳ ጥምቀት የሚከበርበትን ትልቁን ገንዳ አሳየችኝ። ውኃ የሚሞላው በበዓሉ ሰሞን ነው፤ ያን ቀን ወለሉ ሣር አብቅሎ ነበር። የእኛም ወንዝ አሸዋ ስለሆነ፣ ውኃውም የሚመጣው ደስ ባለው ጊዜ ስለሆነ ባዶነቱ አልገረመኝም። ዝናሽ ልጅ ሳለች ከአያቷ ጋር ለጥምቀት መጥታ፣ ከወንዶቹ ጋር ዘላ እዚያ ገንዳ ውስጥ መግባቷን ነገረችኝ። መሪጌታ ሳምንት ሙሉ አኮረፏት። ባሕር የጀመረኝ ያኔ ነው አለች እየሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ጠፋና፣ እምቢ ካሉኝ ምን እሆናለሁ አለችኝ።

አሁን የሚያሳፍረኝ ነገር ይመጣል። በማዕበል ውስጥ ሌላው ሰው ሁሉ ተዘርሮ እኔ እንቁላል ጠብሼ የምበላ ሰው ነበርኩ። ከጎንደር ወጥተን አውቶቡሱ ዳገቱን መጠማዘዝ ሲጀምር ግን ላብ አጠመቀኝ፤ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ አስመለሰኝ። ከፊቴ የተቀመጡ እናት ዘወር ሳይሉ ፌስታል አቀበሉኝ። ሌላዋ ሎሚ ከቦርሳዋ አውጥታ ያሽትቱት አለችኝ። አንድ ገበሬ ተነስተው መስኮቱ አጠገብ ያለውን ቦታቸውን ለቀቁልኝና ለዝናሽ በሐዘኔታ፣ "ምነው፣ አያ ማኪና አያውቁም?" አሏት። እሷ ዋሽታ ብታልፈው ምን ነበረበት? መርከበኛ ናቸው አለች። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ሾፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ እያየኝ ይስቃል። ሆዴን ይዤ እኔም ሳቅኩ፤ ደባት እስክንደርስ ድረስ በየመጠምዘዣው ካፒቴን እንዴት ነው እያሉ ጠየቁኝ።

ደባት ላይ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ በላን። ድንቹ አፍ ውስጥ ይፈርሳል፤ የእኛ አገር ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ድንች አይደርስም። ከዚያ በእግር ወጣን። ጭቃው ነጠላ ጫማዬን አንድ ጊዜ ዋጠው፣ ሁለተኛ ጊዜ ራሴን ጣለኝ፤ የሟቹ ካፖርት ከነክብሩ ቡናማ ሆነ። እርሻውን ይኮተኩት የነበረ ሰው ዱላውን ሰጠኝና ስትመለሱ ታደርሱልኛላችሁ ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። የምመለስበትን ቀን እንኳ አልጠየቀኝም።

መሪጌታ ጥበቡ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ጥምጥማቸው በዚያ ሁሉ ጭቃ መካከል ነጭ የሆነ ሰው ናቸው። እንዳሉትም ዓይናቸውን ዓይኔ ላይ ተከሉ። እኔ ደግሞ አለቃ ፊት ስቆም የሚነሳብኝ አመል አለኝ። ብሪጅ ላይ መሪ ጨባጭ የታዘዘውን በቃሉ ሳይመልስ እጁን አያንቀሳቅስም፤ ከፈጸመም በኋላ መፈጸሙን ይናገራል። ይህ ነገር የብስ ላይም አልለቀቀኝም። ሚስቴ ሽንኩርት ግዛ ስትለኝ ሽንኩርት ልግዛ እላለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ሽንኩርት ገዝቻለሁ እላለሁ። እሷ ለምዳዋለች፤ እንዲያውም የሚሰማ ባል አለኝ ብላ ጎረቤት ላይ ትኮራበታለች።

መሪጌታ ይግቡ አሉኝ። ልግባ አልኩ፤ ገባሁና፣ ገብቻለሁ አልኩ። ይቀመጡ ሲሉኝ ልቀመጥ፣ ከዚያ ተቀምጫለሁ። ዝናሽ ከጀርባቸው ሆና በዓይኗ ትለምነኛለች። እኔ ግን ሲጨንቀኝ ይብስብኛል። የገብስ እንጀራ በምስር ወጥ ቀረበ፤ ጠላ ተቀዳ። ይብሉ እንጂ ሲሉኝ ልብላ፣ ይጠጡ ሲሉኝ ልጠጣ። በመጨረሻ መሪጌታ እጃቸውን ከመሶቡ ሰበሰቡ።

"ምነው ቃሌን እየለቀሙ ይመልሱልኛል?" አሉ ቀስ ብለው። "ተማሪዎቼ ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ እንዲህ ያደርጋሉ። እርስዎ ግን ሽበት አለዎት።"

ልማድ ነው ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ግማሽ ነው። እሳቸው ወደ ዝናሽ ዞረው ነበር። በሰው ቤት ገብቶ በባለቤቱ የሚቀልድ ሰው ነው ልጄን ለባሕር ያዘጋጀልኝ አሏት። እጃቸውን ታጥበው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ለሠርክ ጸሎት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጡ። ዝናሽ ሳህኑን እያነሳች አበላሸነው ጋሼ አለችኝ። አበላሹት አላለችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የተኛሁት አጎዛ የተነጠፈበት፣ ከምድጃው አጠገብ ያለ መደብ ላይ ነው። ሁለት ጋቢ ለብሼ እንኳ ያን ያህል ሞቆኝ አያውቅም። የመሪጌታ የራሳቸው መኝታ መሆኑን የሰማሁት ሲነጋ ነው። ከጸሎት ሲመለሱ ለእንግዳው ይኼንን አንጥፉለት ብለው እሳቸው ደጅ በኩል ባለው ክፍል ተኝተዋል። ተቀይመውኝም እንግዳቸው ነበርኩ።

ሦስተኛው ቀን

ጉሙ ዛፉን ከቤቱ አላስለይ ብሎ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ መሪጌታ ወደሚያስተምሩበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄድኩ። ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው በእርጥብ ሣር ላይ ከበዋቸዋል። ትምህርት ላይ ስለነበሩ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው አንድ ቃል በዜማ ይሰጣሉ፤ ተማሪው ያንኑ ይመልሳል። አንዱ አንዲት ነገር ሳተ። አልተቆጡም፤ ቀጣዩን ግን ነፈጉት፣ እንደገና ከመጀመሪያው ሰጡት። አራቴ ተመላለሱበት። ሲስተካከል "ይበል" አሉት፤ ያን ጊዜ ነው የሚቀጥለውን ያገኘው። እኔ ከድንጋዩ ላይ ተነስቼ ቆሜ ነበር፤ መቼ እንደተነሳሁ አላውቅም።

ዕረፍት ሲሆን ቀረብኩና፣ የነገሩትን መልሶ ካልነገረዎ ለምን አይቀጥሉለትም ብዬ ጠየቅኳቸው። የትናንቱን ቅሬታ እንደያዙ ናቸው፤ ግን ጥያቄው የሙያቸው ስለሆነ መለሱልኝ።

"ከአፌ ምን እንደወጣ አውቃለሁ" አሉ። "ጆሮው ውስጥ ምን ሆኖ እንደገባ ግን የማውቀው ከአፉ ስሰማው ነው።"

ትናንት ያደረግኩት ይህንኑ ነው አልኳቸው። ከዚያ ሳልንተባተብ ነገርኳቸው። ብሪጅ ላይ ነፋሱና ሞተሩ ቃል ይበላሉ። የመርከቡ ግራ ፖርት ነው፣ ቀኙ ስታርቦርድ። ካፒቴኑ ፖርት ብሎኝ እኔ በሌላ በኩል ባዞር ያ ሁሉ ሰው ድንጋይ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ያዘዘኝን እመልስለታለሁ፣ አዞራለሁ፣ ማዞሬን እነግረዋለሁ፤ እሱም ደግ ነው ብሎ ይዘጋዋል። መሪጌታ ጺማቸውን እያሻሹ አዳመጡ። ካፒቴኑ ራሱ ቢሳሳትስ አሉኝ። ስሕተቱን በእኔ አፍ ሲሰማው ይነቃል አልኳቸው። ይህ መልስ ውስጣቸው እንደገባ ፊታቸው ላይ አየሁት። ዝናሽን ጥሩልኝ አሉ።

እጇ ላይ ዱቄት እንዳለ መጣች። መሪ ስላልነበረን ሰፌድ ያዘች። መሪጌታ ከኋላዋ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ካፒቴን ሊሆኑ ነው። ሦስት አራት ቃል አስጠናኋቸው። ሚድሺፕስ ማለት መሪውን ወደ መሐል መመለስ ነው፣ ቴን አስር ዲግሪ ነው አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ አንድ ጊዜ አሉትና ጨረሱ። ተማሪዎቹ ከበው ይስቃሉ።

"ስታርቦርድ ቴን" አሉ በዜማ።

ዝናሽ መለሰች፣ ሰፌዱን አዞረች፣ ስታርቦርድ ቴን ላይ ነው ብላ ነገረቻቸው። እሳቸው "ደግ ነው" በማለት ፋንታ "ይበል" አሉ። ፖርትም ሚድሺፕስም እንዲሁ ሄደ። ጨዋታው ደስ እያላቸው እንደሆነ ያስታውቃል። ከዚያ በድንገት ጺማቸው ውስጥ አንድ ነገር አጉረመረሙ። እኔም አልሰማሁትም። ዝናሽ እጇን ሳታንቀሳቅስ ይድገሙልኝ አለች። ባሰባቸውና በቁጣ ድምፅ እንደገና አጉረመረሙ። የተማሪዎቹ ሳቅ ተቋረጠ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ፊት እንዳደረገች፣ ሰፌዱን እንደያዘች፣ "አልሰማሁም ካፒቴን፤ ይድገሙልኝ" አለች።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ ልጅ ሆና እንዳይቆጡኝ ብላ ያልገባትን ሁሉ ገብቶኛል እያለች ታልፈኝ ነበር አሉኝ። ስንት ጊዜ ተጨንቄበታለሁ፤ ዛሬ ግን አልሰማሁም ብላ ቆመችልኝ አሉ። ዝናሽ አልሰማችም፤ ትእዛዝ እየጠበቀች ነበር።

ደስ ብሎኝ፣ ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ተቀምጠን ቆሎ ስንበላ መሪጌታ የሚፈሩትን አወጡት። ብትሞትብኝስ አፈሯን የት አገኘዋለሁ አሉኝ። እናቷን እዚህ ቅጥር ውስጥ ቀብረዋል፤ በየቀኑ በአጠገቧ ያልፋሉ። ምንም አትሆንም ማለት ቀላል ነበር፣ ምላሴም ላይ መጥቶ ነበር። ግን አላውቅም አልኳቸው። እኔ ተመልሻለሁ፣ ያልተመለሱ ጓደኞችም አሉኝ አልኩ። የልጅቱን ተስፋ በገዛ አፌ የገደልኩት መሰለኝ። መሪጌታ ቆሎውን ወደ ጎን አድርገው፣ "የሚያውቁትን ያህል ብቻ ነገሩኝ" አሉ። እሺም እምቢም አላሉም። ራት ስንበላ ዝናሽ ዓይኔን እያየች ትጠይቀኛለች፤ እኔ ትከሻዬን ከመነቅነቅ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

አራተኛው ቀን

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ዱላውን ለባለቤቱ መለስን፤ ወድቀህ ነበር እንዴ ብሎ በካፖርቱ ሳቀ። መሪጌታ ዋናው መንገድ ድረስ ሸኙን። ዝናሽ ሻንጣዋን ይዛለች፤ ሊመርቋት ይሁን ጎንደር ድረስ እኔን እንድትሸኝ ይሁን ሁለታችንም አላወቅንም። እሷ ሳትጠይቅ እሳቸውም ሳይናገሩ መንገዱ አለቀ። የገብስ ዳቦ በጨርቅ ቋጥረው ለእኔ ሰጡኝ፣ ድሬ እስኪደርስ አይደርቅም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሚስቴም ቀምሳዋለች።

መኪናው ከመታጠፊያው ብቅ ሲል መሪጌታ እጃቸውን ዝናሽ ራስ ላይ ጫኑ። የእሳቸውን ያህል ሊቅ ሲመርቅ ረጅም ይሆናል ብዬ፣ መኪናው ጥሎን እንዳይሄድ ለሾፌሩ እጄን አነሳሁ።

"ሂጂ" አሉ።

ዝናሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ገባት።

"ልሂድ" አለች።

"ተመለሺ።"

"ልመለስ" አለች።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ዝናሽ አልተንቀሳቀሰችም፤ የመዝጊያውን ቃል እየጠበቀች ነው። መሪጌታ የረሱት መስሎኝ ጠጋ ብዬ፣ "ይበል" ይበሏት እንጂ አልኳቸው።

"ገና ነው" አሉኝ እጃቸውን ከራሷ ላይ ሳያነሱ። "ይበል የምላት መጥታ ተመልሻለሁ ስትለኝ ነው። እስከዚያ አልሞትም።"